የቪስቢ አጥንቶችና ሁለቱ የግራ ጫማዎቼ

ውድ የባች ጓደኞቼ፣

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ከተመረቅሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የተለመደውን ልጽፍ ነበር። ገጠር የሠራሁበትን ጊዜ፣ ስዊድን መምጣቴን፣ ቋንቋውን፣ የፈቃድ ፈተናውን፣ ልጆቹን። ይሄን ግን ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የቀራችሁትም ራሳችሁ ኖራችሁታል። ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝና ማንም ስለማያውቅብኝ ነገር ልጻፍ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ልብስና ጫማ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ጥሩር ለብሼ፣ የራስ ቁር ደፍቼ፣ ጋሻ ይዤ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። «አበደች እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እናቴም ብላለች። እስኪ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። (ያለ ምልክት የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቪስቢ

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ «ልጆችሽን ይዘሽ ጎትላንድ ነይ፤ ይደሰታሉ» አለችኝ። ጎትላንድ በባልቲክ ባሕር መካከል ያለች የስዊድን ደሴት ናት። ዋና ከተማዋ ቪስቢ በመካከለኛው ዘመን የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። ወደ 3.4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የድንጋይ ቅጥሯ ከነማማዎቹ ዛሬም ቆሟል። ዩኔስኮ በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ኦገስት ላይ «የመካከለኛው ዘመን ሳምንት» የሚባል በዓል ይከበርባታል። በዚያ ሳምንት ከተማው በሙሉ ልብሱን ይቀይራል። አንጥረኛው መንገድ ዳር ይቀጠቅጣል፣ ሴቶች ሱፍ ይፈትላሉ፣ ጥሩር የለበሱ ወንዶች ቡና ለመግዛት ይሰለፋሉ።

እኛ አገርስ የካቲት 23 ምን እናደርጋለን? ጎፈር እንደፋለን፣ ለምድ እንለብሳለን፣ ጋሻና ጦር ይዘን እንወጣለን። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ያን ያህል እንግዳ አልሆነብኝም። ልጆቼም በጣም ተደሰቱ።

ዝናብ ሲመጣ ግን ለመጠለል የጎትላንድ ሙዚየም ገባን። እዚያ አንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የሰው ራስ ቅል አለ። የቀለበት ጥሩር ቆብ እንዳጠለቀ ነው የተቀበረው፤ ቀለበቶቹ ዝገው ከአጥንቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ልጆቼ «እማዬ፣ እንሂድ» እያሉ ይጎትቱኛል፤ እኔ ከዚያ ሣጥን ፊት መነሣት አቃተኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ የአናቶሚ አዳራሽ ቆሜ ነበር።

የሆነው ምንድነው?

ዘመኑ በኛ አገር ዐፄ ሰይፈ አርዕድ የነገሡበት ነው። በ1361 የዴንማርክ ንጉሥ ቫልደማር አራተኛ ጦሩን በመርከብ ጭኖ ጎትላንድ ላይ አሰፈረ። ወታደሮቹ በሥራው የኖሩ፣ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ጀርመን ቅጥረኞችም ነበሩባቸው። የተቀበላቸው የደሴቲቱ ገበሬ ነው። ጁላይ 27፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከከተማው ቅጥር በታች ተጋጠሙ። ገበሬው አለቀ። የሞተው ወደ 1,800 ሰው እንደሚሆን ይገመታል። የከተማው ነጋዴዎች ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው አላገዙትም። ከዚያ እጃቸውን ሰጡና ከተማቸውን አተረፉ።

ሙታኑ እዚያው አጠገብ በትልልቅ ጉድጓዶች ተቀበሩ። በላያቸውም የድንጋይ መስቀል ቆመ። መስቀሉ ላይ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ በዚያ ቀን በዴንማርኮች እጅ የወደቁት እዚህ እንደተቀበሩ ይናገርና ጸሎት ይለምንላቸዋል። ቦታው ዛሬ ኮርስቤትኒንገን ይባላል፤ በኛ «የመስቀሉ ግጦሽ» እንደማለት ነው።

ከ1905 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ሦስት የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ። የ1,185 ሰዎች አጥንት ወጣ። ከአጥንቱ ጋር ወደ 200 የሚጠጋ የጥሩር ቆብ፣ ወደ 25 የሚጠጋ የሰሌዳ ጥሩር፣ የብረት ጓንትም ተገኘ። ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? በዚያ ዘመን ብረት ውድ ነው። አሸናፊ የሞተውን ይገፋል፤ ያረጀ ጥሩር ይቀልጣል ወይም ሌላ ነገር ይሠራበታል። ስለዚህ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተረፈ የጦር ልብስ እጅግ ጥቂት ነው። ቪስቢ ላይ ግን የሐምሌ ሙቀት ነበር፤ ሬሳው ብዙ ነበር፤ መሽተት ሲጀምር ቶሎ ቶሎ ከነልብሱ ቀበሩት። የአንድ ክረምት ሙቀት ለታሪክ አጥኚ ይሄን አቆየ።

ቤንግት ቶርደማን የሚባለው የስዊድን አርኪዮሎጂስት ግኝቱን በ1939 እና 1940 በሁለት ትልልቅ ቅጾች አሳተመው። አጥንቱን ያጠናው ቡ ኢንግልማርክ ነው። እኔ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ የአጥንቱን ክፍል እንደ ልብ ወለድ ነው ያነበብኩት። ከሟቾቹ መካከል ያልጎለመሱ ልጆች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ የቆየ በሽታና የዳነ ስብራት ያለባቸውም አሉ። ሰልፉ ላይ የቆመው ጦር ሠራዊት ሳይሆን መንደር ነበር ማለት ነው። ከስለት ምቶቹ ብዙዎቹ ያረፉት ቅልጥም ላይ ነው። አንድ ሰው ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች ተቆርጠዋል፤ ምናልባትም በአንድ ምት።

የሰሌዳ ጥሩር እንዴት ይሠራል?

በመጽሐፍ ቅዱስ ጎልያድ ጥሩር ለብሶ፣ የናስ ገምባሌ እግሩ ላይ አድርጎ እንደወጣ እናውቃለን። የቀለበት ጥሩር ማለት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው የተሠራ ልብስ ነው። እያንዳንዱ ቀለበት አራት ጎረቤቶች አሉት። የደንበኛው ጥሩር ቀለበት ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ፣ ተበስቶ፣ በትንሽ ሪቬት ተመትቶ ይዘጋል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ግን ጫፉ ገጥሞ ብቻ የተተወ ነው፤ በጦር ጫፍ ሲወጋ ይከፈታል። እውነተኛው አንድ ሸሚዝ ብዙ ሺህ ቀለበት ይፈጃል፤ ክብደቱም ወደ 10 ኪሎ ይደርሳል።

ችግሩ፣ የቀለበት ጥሩር ስለት ይከላከላል እንጂ ምት አይከላከልም። ስለቱ ሥጋ ባይነካም የጎድን አጥንት ይሰበራል። ለዚህ ከሥሩ በሱፍ ወይም በድርብርብ ጨርቅ የተሞላ ወፍራም ልብስ ይለበሳል። ከላይ ደግሞ የሰሌዳ ጥሩር ይመጣል። ብረቱ ከውጭ አይታይም። ከቆዳ ወይም ከወፍራም ጨርቅ እጀ ጉርድ ይሰፋና የብረት ሰሌዳዎች ከውስጡ በሪቬት ይመታሉ። ከውጭ የምታዩት የሪቬቱን ራስ ብቻ ነው፤ እንደ ጌጥ በረድፍ ተደርድሮ።

ቶርደማን የቪስቢዎቹን በስድስት ዓይነት ከፍሏቸዋል። አንዳንዱ ጥቂት ትልልቅ ሰሌዳ ነው ያለው፤ አንዳንዱ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሾች። ቆዳውና ጨርቁ በስብሶ ጠፍቷል። መልሶ የሚሠራ ሰው የሚይዘው የሰሌዳውን ቅርጽ፣ የሪቬቱን ቦታ፣ ሰሌዳው ሰሌዳው ላይ የተደረበበትን አቅጣጫ ነው። ከዚያ መጀመሪያ በካርቶን ይቆርጣል። ለብሶ ይጎነበሳል፣ እጁን ያነሣል፣ ይቀመጣል። የሚወጋውን ያያል። ብረት የሚቆርጠው ካርቶኑ ሲስማማ ነው። አንድ አናጢ የሆነ የቡድናችን ሰው ሦስት ክረምት ፈጅቶበታል። «ሥዕሉ ላይ ስህተት የመሰለኝ ሰሌዳ ነበር፤ ስለብሰው ግን ለምን እዚያ እንደሆነ ገባኝ፤ ብብት ነው» አለኝ። ይሄን ስሰማ ሳቅሁ። እኛስ ብራኪያል ፕሌክሰስን ከመጽሐፉ ስንት ጊዜ ሸመደድን? የገባን ግን ካዳቨሩ ላይ ነው።

ቡድኑ አንድ ሕግ አለው። ማንም አዲስ ነገር ለብሶ ሲመጣ «ከየት ግኝት? የየት አገር? የስንት ዓመት?» ተብሎ ይጠየቃል። «ፊልም ላይ አይቼው» የሚል መልስ አይሠራም። የጠዋት ራውንድ ላይ «ኤቪደንሱ የት አለ?» ሲሉን እንደነበረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም አይጮህብህም።

ልብሱ

ጨርቅ ከብረት ይልቅ ቶሎ ይጠፋል፤ ግን ሁለት ተአምሮች አሉ። አንደኛው የቦክስተን ሰው ነው። በ1936 ከስዊድን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከቫርበሪ አካባቢ፣ ከረግረግ ወጣ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተገደለ ሰው ነው፤ ሬሳው እንዳይነሣ ይመስላል እንጨት ተተክሎበታል። ረግረጉ ሱፉን ጠብቆታል፤ ቀሚሱ፣ ካባው፣ የእግር ልብሱ፣ ጭራው ረጅም የሆነው ቆቡ። ሁለተኛው ግሪንላንድ ውስጥ ሄርዮልፍስኔስ ላይ የተገኘው ነው። ፖል ኖርሉንድ በ1921 ሲቆፍር፣ ብዙዎቹ ሙታን በሣጥን ፈንታ በአሮጌ ልብስ ተገንዘው አገኛቸው። የቀዘቀዘው መሬት አቆይቷቸዋል። ዛሬ በአውሮፓ የዚያን ዘመን ልብስ የሚሰፋ ሰው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ከእነዚህ ሰዎች የተበደረ ነው።

አቆራረጡ እናቶቻችንን ያስታውሳል። ጨርቁ በእጅ ስለተሸመነ አንድ ጋት አይባክንም። አካሉ አራት ማዕዘን፣ እጅጌው ወደ አንጓ የሚጠብ፣ ከወገብ በታች ሦስት ማዕዘን ቁራጮች እየገቡ የሚሰፋ። የመጀመሪያውን ስጨርስ ለእናቴ በስልክ አሳየኋት። «ይሄማ የአያትሽ እጀ ጠባብ ነው፤ ምን ፈረንጅ አለበት?» አለችኝ። ከውስጥ የሚለበሰው የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ላብ የሚመጠው፣ የሚታጠበው እሱ ነው። ሱፉ አይታጠብም፤ ይራገፋል፣ ይናፈሳል።

ጫማው

እናቴ ዝም ያላለችው ጫማው ላይ ነው። ወስፌና ቆዳ ይዤ ስታየኝ «ይሄን ሁሉ ተምረሽ ደግሞ ፋቂ ሆንሽ?» አለች። እየቀለደች ነው፤ ግን ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ እያልን ያደግን ነን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን ዘልሎ እኛ ጋ ደረሰ። አንድ ጫማ ሰፍቶ የጨረሰ ሰው ያንን ስድብ ዳግመኛ በአፉ አያዞረውም።

የዚያ ዘመን ጫማ ተገልባጭ ነው። ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ በፎርማ ላይ ይሰፋና ሲያልቅ ውኃ ነክሮ እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ስፌቱ ውስጥ ስለሚቀር ድንጋይ አይቆርጠውም፣ ውኃም ቶሎ አያስገባም። ክሩ የተልባ እግር ነው፤ ሰም ይቀባል። በመርፌ ፈንታ የአሳማ ፀጉር ክሩ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ወስፌው የከፈተውን ጠማማ ቀዳዳ ተከትሎ ይገባል። ከባዱ ሶሉ ነው። ወስፌው ከሶሉ ገጽ ገብቶ በጎኑ፣ በውፍረቱ መካከል መውጣት አለበት። ውፍረቱ ደግሞ 4 ሚሊሜትር ነው! ቆዳ ሳይበሱ ከቆዳ ሥር መስፋት የምታውቁ ሰርጀኖች ይገባችኋል።

የመጀመሪያ ጥንዴን ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብኝ። ለቡድኑ ላሳይ ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣቸው አናጢው ዝም ብሎ አየኝ። ሁለቱም የግራ ነበሩ። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ እንደሚሆን አንዱ ላይ አስቤበት፣ አንዱ ላይ ረስቼዋለሁ። የቀኙን በግራ መቁረጥ በኛ ሙያ ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ። እዚህ የከሰረው ቆዳ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አሉ።

ጫማው ተረከዝ የለውም። በቀጭን ቆዳ ጠጠር ላይ ስትራመዱ ተረከዛችሁን መሬት ላይ መምታት ትተዋላችሁ። እግር ቀስ ብሎ ያርፋል፣ እርምጃ ያጥራል። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው ይሄን ከኔ በተሻለ ያውቀዋል።

አንድ ስልክ

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአገራችን ጦርነት በነበረበት ጊዜ ከባቻችን አንዱ፣ ሰርጀን ነው፣ ራሱን ያውቃል፣ ከሥራ ወጥቶ ሌሊት ደወለልኝ። ደክሞታል። ምን እየሠራሽ ነው ሲለኝ ሳላስብ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እኛ እዚህ እግር ስንቆርጥ እንውላለን፤ እናንተ እዚያ ጦርነት ትጫወታላችሁ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ክረምት በሙሉ መርፌ አላነሣሁም። ለቡድኑም ሥራ በዛብኝ አልኩ።

ከወራት በኋላ እሱ ራሱ ደወለ። «ያ የነገርሽኝ አጥንት፣ ቅልጥም ላይ ነው ያልሽኝ?» አለ። አዎ አልኩት። የኢንግልማርክን ሥዕሎች ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። እየተመለከተ ረጅም ጊዜ አወራን። «እኔ ጋም የሚበዛው እግርና እጅ ነው» አለ። «ግን ተጠንቀቂ። እኔ ጋ እግር የሚበዛው ደረቱን የተመታው ስለማይደርስ ነው። እዚያስ? ሆዱን የተወጋ ሰው አጥንቱ ላይ ምን ይጻፋል? አጥንት የሚናገረው የነካውን ብቻ ነው።» ልክ ነበር። በየመጽሐፉ «የቪስቢ ሰዎች እግራቸውን ነው የተመቱት» ሲባል፣ ለስላሳው ሥጋ ላይ የደረሰው ሁሉ ከመዝገቡ ጠፍቷል። ይሄን ያስተማረኝ ስዊድን አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቁስለኛ ያየ የባቼ ልጅ ነው።

መጨረሻ ላይ የጠየቀኝ ግን የሕክምና ጥያቄ አልነበረም። «ማን ቀበራቸው?» አለኝ። ስማቸው እንዳልተጻፈ፣ ግን ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ እንደከተታቸው፣ መስቀልም እንደተከለላቸው ነገርኩት። «ደግ ነው» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ሜዳው ላይ

በቀጣዩ ኦገስት አናጢው ጥሩሩን አዋሰኝ። ሁሉንም ለብሼ ሚዛን ላይ ስወጣ ከ20 ኪሎ በላይ ጨምሬአለሁ። ክብደቱ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ቀበቶ ጠበቅ ሲደረግ ግማሹ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ቀለል ይላል፤ መሮጥም ይቻላል። የማይቻለው ሙቀቱ ነው። የታጨቀው ልብስ ላብ አያስወጣም። በ15 ደቂቃ ውስጥ የልቤ ምት እስክሰማው ደረሰ። የራስ ቁሩን ስደፋ ከፊቴ ያለውን እንጂ ከጎኔ ያለውን አላይም።

ከፊቴ የቆመችው ያቺው ነርስ ነች፤ ያልተሳለ ሰይፍ ይዛለች። ጋሻዬን ወደ ፊቴ አነሣሁ። ማንም ሰው የሚያደርገው ይሄንን ነው፤ ፊቱንና ደረቱን ይሸፍናል። ሰይፉ ከጋሻው በታች መጥቶ ቅልጥሜን ነካኝ። ቀስ ብላ ነው የነካችኝ፤ ግን ቲቢያ ላይ ሥጋ የለም። ከቆዳ በታች አጥንት ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። በዚያች ቅጽበት የ1,185ቱ አጥንት ከሥዕልነት ወጣልኝ። ያ ሽማግሌ፣ ያ ልጅ፣ እንደኔ ጋሻውን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር።

ለጓደኛችን የምሰጠው መልስ ይሄው ነው። ጨዋታነቱን አልክድም፤ የሚጫወት አለ፣ ቢራውን የሚወድ አለ፣ በብር ቀለም የተቀባ ሹራብ ለብሶ ጥሩር ነው የሚልም አለ። እኔን ያቆየኝ ሌላ ነው። ስለ ጦርነት ሲወራ ሁልጊዜ የንጉሡ ስም ይቀድማል። አንድ ጫማ አራት ወር ሰፍቶ፣ አንድ ጥሩር ሦስት ክረምት ቀጥቅጦ ያየ ሰው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ከነልብሱ የተጣለውን ሰው ያስባል። ልብሱን ማን ሰፋለት? ቤት ማን ይጠብቀው ነበር?

በመጨረሻው ቀን ማታ መሣሪያ ሳንይዝ፣ በሰፋናቸው ጫማዎች፣ ወደ ድንጋዩ መስቀል ሄድን። ጽሑፉ ጸሎት ስለሚለምን እኔም በራሴ ቋንቋ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ያን ጊዜ አንደኛ ዓመት ላይ አራተኛው ጠረጴዛ የነበረውን ሰው አሰብኩ። ታስታውሱታላችሁ። ጠያቂ ያላገኘ ነበር። ስሙን ስላላወቅን የቅጽል ስም አወጣንለት፤ ሳቅንበትም፤ ፈርተን ነበር መሰለኝ። ቲቢያን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድም ቀን ነፍስ ይማር አላልነውም።

ስለዚህ ለሪዩኒየኑ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በእራቱ ሰዓት ከባቻችን ያለፉትን ስናስብ፣ ያ ሰውዬም አብሮ ይጠራ፤ ስም ባይኖረው «አስተማሪያችን» ተብሎ። ሁለተኛው ቀላል ነው። ጫማዎቹን ይዤ እመጣለሁ፤ መሞከር የሚፈልግ ይሞክር። የግራዎቹንም አመጣቸዋለሁ፤ ማንም ሰርጀን እንዳይኩራራ።

በሰላም ያገናኘን።